የቆራሌው ውሻ አልበላም ያለ ጊዜ

ተረት ይዣለሁና ጠጋ በሉ። ተረቴ ስለ ውሻ ነው፤ ግን እንዳትፈሩ፣ ውሻው አይናከስም። የሚናከሱት ሌሎች ናቸው፤ እነሱም ከረባት አስረዋል።

ከከተማ ወጣ ብሎ፣ አስፋልቱ አልቆ ኮረኮንቹ በሚጀምርበት ሰፈር፣ ትርንጎ የምትባል ሴት ነበረች። አንድ ዝናባማ ጠዋት ከቦይ ውስጥ ባለሦስት እግር ቡችላ አወጣችና በነጠላዋ ጠቅልላ ወደ ቤቷ ይዛው ገባች። ጎረቤቶቿ «አሁንስ ለየላት!» አሉ። ካሉ በኋላ ግን የማይፈልጉትን ውሻ ሁሉ እያመጡ በአጥሯ ላይ ይወረውሩላት ጀመር።

ትርንጎ ውሾቹን አጥባ፣ ቁስላቸውን አክማ፣ አሳዳጊ ትፈልግላቸዋለች። ውሻ እፈልጋለሁ የሚል ሰው ሲመጣ መጀመሪያ ውሻው እጁን እንዲያሸተው ታደርጋለች። ውሻው ጭራውን ከቆላ ገመዱን ለሰውየው ታስይዘውና፣ «አብላው። ካላበላኸው መጥቼ በዚሁ ገመድ የማስረው አንተን ነው» ብላ ትሸኘዋለች። ሥራው በሙሉ ይኸው ነበር።

ከዚያ ሥራው አደገ። ማደግ ክፉ ነው አልልም፤ ልጅ ያድጋል፣ ጎመን ያድጋል፣ እባጭም ያድጋል። በመጀመሪያ ስም ወጣለት፤ «አይዞን የእንስሳት መጠለያ» ተባለ። ቀጥሎ ሜዳው ዳር ሰፊ ግቢ ተሰጠው። ግቢው አጥር ፈለገ፣ አጥሩ በር ፈለገ፣ በሩ ዘበኛ ፈለገ፣ ዘበኛው አለቃ ፈለገ። እንዲህ እንዲህ እየተባለ ፍሬስብሐት ሥራ አስኪያጅ ሆነ። ፍሬስብሐት መጀመሪያ የመጣው ድመት ሊወስድ ነበር፤ ድመቷ ስትቧጭረው እሷን ትቶ ወንበር ያዘ።

ይህ ሰው አንድ የሚወደው አባባል አለው፦ «ታሪካዊ ምዕራፍ!» ይላል። አጥሩ ሲታጠር ታሪካዊ ምዕራፍ፣ ማኅተሙ ሲቀረጽ ታሪካዊ ምዕራፍ፣ በሩ ቀለም ሲቀባ ታሪካዊ ምዕራፍ። ትርንጎ ራሷ «የክብር መሥራች» ተብላ ጎመን የሚያክል የሪባን አበባ ደረቷ ላይ ሲሰካላት ጭብጨባው አጥሩን ሊያፈርሰው ነበር። በዚያው ቀን የበሩን ቁልፍ ተቀበሏት፤ የክብር ሰው ቁልፍ አይዝማ።

እዚያው ሰፈር ደግፌ የሚባል ቆራሌ ነበረ። ጠዋት ጠዋት ማዳበሪያውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ፣ «ቆራሌውውው!» እያለ ይዞራል፤ ያረጀ ብረት፣ ባዶ ጠርሙስ፣ የተሰበረ ፕላስቲክ ይገዛል። የገዛውን በበዳዳ የአህያ ጋሪ ላይ ይጭናል። ከፊት ደግፌ እየተጣራ፣ ከጎኑ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት ውሻው ቦራ፣ ከኋላ አህያዋ ጋሪዋን እየጎተተች፣ ሰፈሩን ሲያዳርሱ ይውላሉ። ቆራሌ ሲጣራ ደግሞ የሰፈር ውሻ ሁሉ ይጮኻል። ይህ ያስቀየመው ሥራ አስኪያጅ በአይዞን አጥር ላይ «ጩኸት ክልክል ነው» የሚል ጽሑፍ አሰቀለ።

አንድ ቀን ደግፌ ጎኑን አሞት ሆስፒታል ተኛ። ቦራም የጌታው ደጃፍ ላይ ተጋድሞ ይጠብቀው ጀመር። የአይዞን ሠራተኞች በመኪና ሲያልፉ አዩት። «ወይኔ ምስኪን! ጌታ የለውም!» አሉና አፈፍ አድርገው ጫኑት፤ ጎረቤት «ኧረ ጌታ አለው!» ቢል ማን ሰምቶ። ቦራ ታጠበ፣ ፎቶ ተነሳ፣ ቁጥርም ወጣለት። ሲቆጥሩት ሺህኛው ሆኖ ተገኘ።

ደግፌ ድኖ ሲወጣ የፈለገው አንድ ትንሽ ነገር ብቻ ነበር። አይዞን በር ላይ ቆመ፣ ጽሑፉን አየ፣ ባርኔጣውን አወለቀ፣ ድምፁንም ዝቅ አድርጎ፣ «ውሻዬን ስጡኝ» አለ።

ቦራ ደግሞ ከግቢው ጀርባ፣ በመጨረሻው ክፍል ውስጥ አፍንጫውን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኝቷል። ሳንባ ቢያቀርቡለት አልበላም አለ። አጥንት ቢያቀርቡለት አልበላም አለ። ከውጭ የመጣ የቆርቆሮ ምግብ ቢከፍቱለት ዘበኛው ቀመሰው እንጂ እሱ አልበላም አለ። የጎን አጥንቱ ወጣ፣ ዓይኑ ፈዘዘ። ትርንጎ መጥታ አየችው። ስንቱን ውሻ ያሳደገች ሴት ናት፤ ይህ ውሻ ጌታውን ካላየ እንደሚሞት ገባት።

ወደ ዘበኛው ወደ ባዩ ሄደች። «ባዩ፣ በሩን ክፈትና ቦራ ይውጣ! በሩ ካልተከፈተ ቦራ አይበላም፤ ቦራ ካልበላ ይሞታል።»

«እትዬ ትርንጎ፣ የቀጠሩኝ እርስዎ ነዎት፤ ውለታዎን መቼም አልረሳም» አለ ባዩ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ። «ነገር ግን ሥራ አስኪያጁ ካልፈቀደ አልከፍትም።»

ትርንጎ ወደ ሥራ አስኪያጁ ሄደች። ፍሬስብሐት ቦራን አቅፎ ከተነሳው ፎቶ ሥር ተቀምጧል። ፎቶው ላይ ሰውየው ይስቃል፣ ውሻው በሩን ያያል።

«ፍሬስብሐት፣ ፍቀድ! አንተ ካልፈቀድክ ዘበኛው አይከፍትም፤ ዘበኛው ካልከፈተ ቦራ አይበላም፤ ቦራ ካልበላ ይሞታል።»

«እማማ ትርንጎ! ቦራ እኮ ሺህኛችን ነው! ሺህኛው ውሻ እንደ በግ በገመድ እየተጎተተ ይወጣል እንዴ? በምሥረታ በዓላችን፣ በመድረክ ላይ፣ በክብር እንግዳው እጅ ነው ለአሳዳጊው የሚሰጠው።»

«አሳዳጊው በር ላይ ቆሟል እኮ፣ ልጄ።»

«ደግ አደረገ፤ ይቁም። የክብር እንግዳው ካልመጣ ግን አልፈቅድም።»

«ውሻው እየሞተ ነው ስልህ!»

ይህን ጊዜ ሥራ አስኪያጁ ከወንበሩ ብድግ አለ። ፊቱ ልውጥውጥ ብሎ፣ «ከበዓሉ በፊት?» አለ።

ትርንጎ ወደ ክብር እንግዳው ሄደች። አቶ ቸርነት ፍራሽ በማምረት የከበረ ሰው ነው። በሩ ላይ በአጭር ሰንሰለት የታሰረ ውሻ አንገቱ ተልጦ ያላዝናል፤ ሳሎኑ ውስጥ ደግሞ አይዞን የሸለመው «የእንስሳት ወዳጅ» የሚል ዋንጫ ተቀምጧል። ትርንጎ ውሻውንም ዋንጫውንም አየች።

«አቶ ቸርነት፣ እባክዎ ይምጡልን! እርስዎ ካልመጡ ሥራ አስኪያጁ አይፈቅድም፤ ሥራ አስኪያጁ ካልፈቀደ ዘበኛው አይከፍትም፤ ዘበኛው ካልከፈተ ቦራ አይበላም፤ ቦራ ካልበላ ይሞታል።»

«እኔ እንስሳ እወዳለሁ፤ ይህን አገር ያውቀዋል» አለ አቶ ቸርነት። «ግን ባለፈው ጊዜ ፀሐይ ላይ አስቀመጣችሁኝ፤ መላጣዬ እንደ ድንች ተላጠ። ድንኳን ካልተተከለ አልመጣም።»

ትርንጎ ወደ ድንኳን ተካዩ ወደ ሲሳይ ሄደች። ሲሳይ በተጠቀለለው ድንኳን ላይ ተቀምጦ ሽምብራ ይቆረጥማል።

«ሲሳይ፣ ድንኳኑን ትከል! ድንኳኑ ካልተተከለ እንግዳው አይመጣም፤ እንግዳው ካልመጣ ሥራ አስኪያጁ አይፈቅድም፤ ሥራ አስኪያጁ ካልፈቀደ ዘበኛው አይከፍትም፤ ዘበኛው ካልከፈተ ቦራ አይበላም፤ ቦራ ካልበላ ይሞታል።»

«የት ልትከለው እትዬ? ጭንቅላቴ ላይ?» አለ ሲሳይ። «ሜዳው መሃል ያን ሁሉ አሸዋ ቆልላችሁበታል። አሸዋው ካልተነሳ አልተክልም።»

እውነቱን ነው። አሸዋው የተደፋው አይዞን ከግቢው በር ፊት ለፊት ሐውልት ሊያቆም ስለሆነ ነው፤ ሰው ውሻ አቅፎ የሚያሳይ ሐውልት። የሰውየው መልክ የሥራ አስኪያጁ ነው። የውሻው መልክ ገና አልተወሰነም።

መንገዱን ክረምቱ ቦርቡሮት መኪና አያስገባም፤ የሚገባ ጋሪ ብቻ ነው። ስለዚህ ትርንጎ ወደ ባለ ጋሪው ወደ በዳዳ ሄደች። በዳዳ ባዶ ጋሪው ላይ ተቀምጦ እግሩን ያወዛውዛል።

«በዳዳ፣ አሸዋውን ጭነህ አንሳ! አሸዋው ካልተነሳ ሲሳይ ድንኳን አይተክልም፤ ድንኳን ካልተተከለ እንግዳው አይመጣም፤ እንግዳው ካልመጣ ሥራ አስኪያጁ አይፈቅድም፤ ሥራ አስኪያጁ ካልፈቀደ ዘበኛው አይከፍትም፤ ዘበኛው ካልከፈተ ቦራ አይበላም፤ ቦራ ካልበላ ይሞታል።»

«በምን ልጫነው? በጥርሴ?» በዳዳ ቱግ አለ። «አህያዬን ማን ወሰዳት? እናንተ አይደላችሁም?»

ትርንጎ አንገቷን ደፋች። አይዞን በውሻ ብቻ መወሰን የለበትም ተብሎ «የአህያ ክፍል» የተከፈተ ሰሞን ነው ነገሩ የመጣው። ክፍሉ ተሠራ፣ ለንግሥ እንደተዘጋጀ ቅኔ ማሕሌት አምሮ ተጠረገ፤ አህያ ግን የለም። ክፍሉን የሚመርቁት እንግዶች ደግሞ እየመጡ ነው። ስለዚህ የተጎዳች አህያ ፍለጋ ወጡና የበዳዳን አህያ ዳገት ላይ ስታለከልክ አገኟት። ዳገት ላይ የማታለከልክ አህያ ካለች እስቲ ታሳዩኝ።

«አሁንማ ድርቆሻቸውን ጨርሳባቸው እነሱ ራሳቸው ውሰዳት ይሉኛል» አለ በዳዳ። «በሜዳው በኩል ያለውን በሯን ወለል አድርገው ትተውላታል። እሷ ግን እምቢ አለች። አህያዋ ካልሄደች አልጭንም።»

ትርንጎ ወደ አህያዋ ሄደች። አህያዋ ሆዷ ከጎንና ከጎን ወጥቶ፣ አንገቷ ላይ ሪባን ታስሮላት፣ ክፍት በር ላይ ቆማለች።

«አህይት፣ እባክሽ ሂጂ! አንቺ ካልሄድሽ በዳዳ አይጭንም፤ በዳዳ ካልጫነ አሸዋው አይነሳም፤ አሸዋው ካልተነሳ ሲሳይ ድንኳን አይተክልም፤ ድንኳን ካልተተከለ እንግዳው አይመጣም፤ እንግዳው ካልመጣ ሥራ አስኪያጁ አይፈቅድም፤ ሥራ አስኪያጁ ካልፈቀደ ዘበኛው አይከፍትም፤ ዘበኛው ካልከፈተ ቦራ አይበላም፤ ቦራ ካልበላ ይሞታል!»

አህያዋ አልተነቃነቀችም። ትርንጎ ከፊት ሳበቻት፣ ከኋላ ገፋቻት፣ ተቆጣቻት፣ ለመነቻት። ጆሮዋን ወደ መንገዱ አቅንታ ዝም። ከዚህ ሁሉ ሰው ሰበብ ያልሰጠች እሷ ብቻ ነች።

በዳዳ ከኋላ መጥቶ ሳቀ። «በከንቱ ይደክማሉ እትዬ። እሷ እኮ የምትነሳው ደግፌ ሲጣራ ነው። ስንት ዘመን እሱ ሲጣራ ትሄዳለች፣ እሱ ዝም ሲል ትቆማለች። እኔን መቼ ሰምታኝ ታውቃለች? ያ ሰውዬ በሩ ላይ ቆሞ እያለ ድምፁ የጠፋው ምን ነክቶት ነው?»

ትርንጎ ግቢውን ዞራ ሮጠች። በዚያ ዕድሜዋ፣ ያ የሪባን አበባ ደረቷ ላይ እየተንጠለጠለ፣ ትንፋሿ እየተቆራረጠ ሮጠች። ደግፌ አጥሩን ተደግፎ ቆሟል። በኪሱ ለቦራ የቋጠረውን ዳቦ በእጁ እየዳበሰ ነው፤ ዳቦው ደርቋል።

«አቶ ደግፌ፣ ይጣሩ! እርስዎ ካልተጣሩ አህያዋ አትሄድም፤ አህያዋ ካልሄደች በዳዳ አይጭንም፤ በዳዳ ካልጫነ አሸዋው አይነሳም፤ አሸዋው ካልተነሳ ሲሳይ ድንኳን አይተክልም፤ ድንኳን ካልተተከለ እንግዳው አይመጣም፤ እንግዳው ካልመጣ ሥራ አስኪያጁ አይፈቅድም፤ ሥራ አስኪያጁ ካልፈቀደ ዘበኛው አይከፍትም፤ ዘበኛው ካልከፈተ ቦራ አይበላም፤ ቦራ ካልበላ ይሞታል!»

ደግፌ ጽሑፉን ቀና ብሎ አየና በሹክሹክታ፣ «ኧረ እሜቴ፣ ክልክል ነው ይላል!» አለ። «ባለጌ ነው ብለው ጭራሽ ቢከለክሉኝስ? እስካሁን ጨዋ ሆኜ የቆምኩት እኮ ለሱ ብዬ ነው። ካልፈቀዱልኝ አልጮህም።»

ትርንጎ ድንጋይ ላይ ዘጭ ብላ ተቀመጠች። አለቀሰች፣ መሃል ላይ ደግሞ ሳቋ መጣ። ያን ቡችላ ከቦይ ስታወጣ ማንንም ፍቃድ አልጠየቀችም ነበር። ለውሻ ብላ የጀመረችው ነገር አሁን አድጎ፣ ስም አውጥቶ፣ አጥር አጥሮ፣ ውሻ ሊገድል ነው። ንዴቱ ከእግሯ ጀምሮ ወጣ። ብድግ አለችና «ጩኸት ክልክል ነው» የሚለውን ጽሑፍ ከአጥሩ ላይ ገንጥላ ጣለችው።

«የሚፈቅድ ሰው ነው የፈለጉት? የክብር መሥራቿ እኔ ነኝ፤ ፈቅጃለሁ። ይጩኹ!»

ባዩ በበሩ ቀዳዳ አጮለቀ። «እትዬ! ሥራ አስኪያጁ ካልፈቀደ…»

«አንተ ዝም በል!» አለች ትርንጎ። «ጩኸት ክልክል ነው!»

ደግፌ ባርኔጣውን አደረገ፤ ደረቱን ነፋ። «ቆራሌውውው!» አለ። «ቆራሌውውውው! ቆራሌው!»

ያን ጊዜ በአይዞን ግቢ ያለ ውሻ ሁሉ አንድ ላይ ጮኸ። ድመቶቹ ጣሪያ ላይ ወጡ፣ ሥራ አስኪያጁ ጠረጴዛ ሥር ገባ። በመጨረሻው ክፍል ውስጥ ቦራ አፍንጫውን ከግድግዳው አነሳ፣ ጆሮውን አቆመ፣ በተንቀጠቀጡ እግሮቹ ተነስቶ በሩን መቧጨር ጀመረ። አህያዋም ሪባኗን አራግፋ፣ በክፍት በሯ ወጥታ፣ ሶምሶማ እየረገጠች ጋሪው ፊት ሄዳ ቆመች።

ከዚያ በኋላማ ማን ያቆመዋል! ደግፌ ተጣራ፤ አህያዋ ሄደች። አህያዋ ሄደች፤ በዳዳ ጫነ። በዳዳ ጫነ፤ አሸዋው ተነሳ። አሸዋው ተነሳ፤ ሲሳይ ድንኳኑን ተከለ። ድንኳኑ ተተከለ፤ የክብር እንግዳው መላጣውን በመሐረብ እየጠረገ መጣ። እንግዳው መጣ፤ ሥራ አስኪያጁ ከረባቱን አስተካክሎ ፈቀደ። ሥራ አስኪያጁ ፈቀደ፤ ዘበኛው በሩን ከፈተ።

ቦራ ወጣ። ግን የአይዞንን ነገር ረሳችሁት እንዴ? መጀመሪያ ንግግር አለ።

«ይህን ምስኪን» አለ ፍሬስብሐት በማይክሮፎኑ፣ «ጌታ አጥቶ ከወደቀበት ጎዳና ላይ አንስተን፣ አብልተን፣ አጠጥተን፣ ዛሬ ለሚወደው አሳዳጊ እናስረክባለን! አባቴ፣ ይህን ውሻ ለማሳደግ እንዴት እንደወሰኑ እስቲ ለሕዝቡ ይንገሩልን።»

ደግፌ ማይክሮፎኑን እንደ ትኩስ ድንች ያዘው። «እኔማ… ከቡችላነቱ ጀምሮ ነው ያሳደግኩት። የኔው ነው። ሆስፒታል በተኛሁ ጊዜ እናንተ ወሰዳችሁብኝ።»

ከዚያ ከኋላ አንድ ሰው አጨበጨበ፤ ድንኳን ውስጥ የተቀመጠ ሰው ማጨብጨብ ልማዱ ነውና ሁሉም ተከተለው። ፍሬስብሐት ማይክሮፎኑን ነጠቀና፣ «ሰማችሁ? ከቡችላነቱ ጀምሮ ያሳደገ አሳዳጊ! ታሪካዊ ምዕራፍ!» አለ።

ቀጥሎ ገመዱ ለፎቶ ተብሎ ለክብር እንግዳው ተሰጠ። አቶ ቸርነት ገመዱን እጁ ላይ ጠምጥሞ ለካሜራው ጥርሱን ገለጠ። ቦራ ደግሞ ደግፌን አየ። ያ ሊሞት ነው የተባለ ውሻ ወንበር ዘሎ፣ ሽማግሌ ዘሎ፣ ኬክ ዘሎ ሲሮጥ፣ እንግዳው ከኋላ ገመድ ይዞ ተከተለው፤ መጨረሻ ላይ ድፍት ብሎ ወደቀ። በፍራሽ የከበረው ሰው ፍራሽ በሌለበት ወደቀ። አሸዋው እንኳ በነበረ!

ቦራ ግን አልነከሰም፤ ብያችኋለሁ። የደግፌን እጅ አሸተተ፣ ፊቱን ላሰ፣ ጭራው ሊበጠስ እስኪደርስ ቆላ። ደግፌ ከኪሱ ያን ደረቅ ዳቦ አወጣ። ቦራ በላ። ፍርፋሪውንም ከመሬት ለቅሞ በላ። ትርንጎ ከድንኳኑ ዳር ቆማ ሲበላ እያየች እንባዋ ወረደ፤ ሳትጠርገው ተወችው።

ደግፌ ሲሄድ፣ «እሜቴ፣ የሚሉኝ ነገር የለም?» አላት።

«አለኝ እንጂ። ያብሉት። ካላበሉት መጥቼ በዚሁ ገመድ የማስረው እርስዎን ነው።»

ከፊት ደግፌ እየተጣራ፣ ከጎኑ ቦራ፣ ከኋላ የበዳዳ አህያ ጋሪዋን እየጎተተች ሄዱ። አይዞን ውስጥ የቀሩት ውሾች ሁሉ ጮኹላቸው። ትርንጎ እስኪርቁ አይታ፣ ቦርሳዋን ልታመጣ ወደ ግቢው ተመለሰች። በሩ ተዘግቷል። አንኳኳች።

ባዩ በቀዳዳው አጮለቀ። «እትዬ ትርንጎ፣ ውለታዎን መቼም አልረሳም። ነገር ግን ጽሑፉን ገንጥለዋል ተብሎ፣ ሥራ አስኪያጁ ካልፈቀደ…»

ትርንጎ አልተከራከረችም። ያን የሪባን አበባ ከደረቷ ነቀለችና በቀዳዳው በኩል አቀበለችው። «እንካ ልጄ፣ ሰካው። ቦርሳዬንም ለሐውልቱ አሲዙት» ብላ ወደ ቤቷ ሄደች።

በማግስቱ ጠዋት እግሯን ስትታጠብ፣ አንድ ሰው በአጥሯ ላይ ቡችላ ወረወረላት። ቡችላው ጎመኗ መሃል አርፎ አላዘነ። ትርንጎ አነሳችው፣ አገላብጣ አየችው፣ በነጠላዋ ጠቀለለችው። ፎቶ ያነሳ ማንም አልነበረም።

የተረቴም በር እዚህ ላይ ተዘጋ። ጨምርልን የምትሉ ካላችሁ አንኳኩ፤ ዘበኛውን ታውቁታላችሁ።